የሐዋሳ ፍሳሽ ሂሳብ፦ ዛሬ በፋብሪካው ወይስ ነገ በሐይቁ?

ሐዋሳ ላይ ሼድ የሚከራይ ወይም ሆቴል የሚያቆም ባለሀብት ስለ ቦታው ዋጋ፣ ስለ መብራቱና ስለ ሠራተኛው ደመወዝ አጣርቶ ይነሳል። ከነዚህ እኩል ሊጠይቀው የሚገባው ግን ፍሳሹ የት እንደሚሄድ ነው።

ጥያቄው በሐዋሳ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በፀሐይ ሲተን ይዞት የገባው ጨውና ኬሚካል በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ወደ አዋሽ የተለቀቀ ቆሻሻ የታችኛውን ተጠቃሚ እየጎዳም ቢሆን ይነጉዳል፤ ሐዋሳ ሐይቅ የገባው ግን ይከማቻል። የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴ፣ የጀልባ ባለቤቱና የዳርቻው ሆቴል የሚሠሩት በአንድ የጋራ ካፒታል ነው። እሱ ከተበላሸ የሚከስረው አንዱ ብቻ አይሆንም።

ጠብታ የማይለቀው ፓርክ

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህንን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። የጋራ ማጣሪያው በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ እንዲያስተናግድ የታቀደ ሲሆን፣ መርሑም ወደ ውጭ ምንም ፍሳሽ አለመልቀቅ ነው። ከማቅለሚያና ከማጠቢያ የሚመጣው ውሃ በመጀመሪያ በባክቴሪያ ይታከማል፤ ቀጥሎ እጅግ ስስ በሆነ ማጥለያ በግፊት ያልፋል። ንጹሑ ተመልሶ ለፋብሪካዎቹ ሥራ ይውላል፤ የቀረው ጨዋማ ውሃ በሙቀት ተንኖ ደረቁ ጨው ይለያል።

ዘዴው ሐይቁን ይጠብቃል፤ ርካሽ ግን አይደለም። ግፊቱም ማትነኑም ብዙ ኃይል ይበላል፤ ማጥለያው በየጊዜው ይለወጣል፤ ደለሉና ጨውም ማስወገጃ ይፈልጋል። ከዚህ ወጪ ከፊሉ ሼዱ ቢሞላም ባይሞላም የማይቀር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ቀዳሚው ተከራይ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በታኅሣሥም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ተከራይ ሲቀንስ ቋሚው ወጪ ለቀሩት ጥቂቶች እንዳይከብድ፣ አከፋፈሉ ከመጀመሪያው በውል ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል።

የከተማው ድርሻ

ፓርኩ ብቻውን ሐይቁን አያድንም። የከተማው መኖሪያና ሆቴል በአብዛኛው የሚገለገለው በጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው። መጣጭ መኪና ያነሳው በአግባቡ ካልታከመ፣ ወይም ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ወደ ቦይ ካፈሰሰ፣ መድረሻው ያው ሐይቅ ነው። የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌን ያለ ልክ ያራባል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ያልቃል።

መፍትሔው ለሁሉም አንድ ዓይነት ማጣሪያ መትከል አይደለም። የማጣሪያውን ደረጃ መወሰን ያለበት ፍሳሹን የሚቀበለው ውሃ ነው። ሰፊ መሬት ባለበት የማጣሪያ ኩሬ ጉልበቱም ወጪውም ቀላል ነው። መሬት በተወደደበት የሐይቅ ዳርቻ ግን አጎራባች ሆቴሎች አንድ አነስተኛ ማጣሪያ በጋራ ቢተክሉ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ከሚያወጣው ሊቀንስላቸው ይችላል።

ሕጉም ለባለሀብቱ የሚናገረው አለው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። በመሆኑም ማጣሪያ የሌለው ቦታ ርካሽ መስሎ ቢታይም ያልተከፈለ ዕዳ አብሮት ይሸጣል። ገዢም ደላላም ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት የፍሳሹን መስመር ተከትለው እስከ መጨረሻው ቢያዩ ይበጃቸዋል። ማጣሪያ ሊጨመርበት፣ ሊታደስና ሊስፋፋ ይችላል፤ መውጫ የሌለውን ሐይቅ ግን በሌላ መተካት አይቻልም።