ውስጥ እግር ላይ የሚበቅለው ካንሰር

ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ፣ ገፈርሳ የውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ፣ ነፋሱ በእኩለ ቀን እንኳ ጋቢ ያስደርባል። ፀሐይዋ ግን ብርቱ ናት። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ጨረሩ ሙቀት ስላልሆነ ነፋስ አያበርደውም፤ ሰውየው ብርድ ብርድ እያለው ቆዳው ይጎዳል። ሰበታና ሱሉልታም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

አብዛኞቻችንን ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይከላከልልናል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ይህ መከታ ስለሌላቸው፣ በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ያለ ባርኔጣና ያለ መከላከያ ቅባት ሲውሉ የፊት፣ የጆሮና የአንገት ካንሰር ገና በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንደ መዋቢያ ሲቆጠር ያሳዝነኛል፤ ለእነሱ መድኃኒት ነው።

ለቀረነው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያየውን ቦታ ይመርጣል፦ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍር ሥርን። ቦብ ማርሌይ በዚሁ ነው የሞተው። እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። እኛም ዘንድ ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነገር ያየ ሰው እሾህ ወግቶኝ ይሆናል ብሎ ያልፈዋል፤ ገላው ላይ ሲያይ ደግሞ ማርያም ስማኝ ነው ይላል። አብዛኛው እውነትም ምንም አይደለም። እየሰፋ የሚሄድ፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም የሚደማ ከሆነ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለዓመታት አልድን ያለ ቁስልም እንዲሁ፤ የሥጋ ደዌ ባደነዘዘው እግር ላይ የሚከርም ቁስል፣ የቃጠሎ ጠባሳም ጭምር፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

አንድ ሴል እንዴት ወደ ካንሰርነት ይደርሳል? አንዱ መንገድ የዲ ኤን ኤ ትእዛዝ ቁጥጥር ሲዛባ ነው። በዲ ኤን ኤ ላይ ያለው ትእዛዝ ፕሮቲን ከመሆኑ በፊት መልእክተኛ አር ኤን ኤ በሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ደግሞ 22 ገደማ ፊደል ብቻ ያላቸው ቁራጮች ናቸው። ፕሮቲን አይሠሩም። አርጎኖት ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣምረው በመልእክተኛው ላይ የሚገጥማቸውን የፊደል ረድፍ ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት መልእክቱ እንዳይነበብ ያደርጋሉ ወይም እንዲበጣጠስ ያደርጉታል። ሥራቸው የግድብ በር ጠባቂን ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ፍሰቱን አይዘጉም፣ በልክ ያደርጉታል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን የመጀመሪያውን ማይክሮ አር ኤን ኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረጉት አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ነበር። ብዙዎች የትሏ የብቻዋ ጠባይ መስሏቸው ነበር፤ በ2000 ግን ሌላ ማይክሮ አር ኤን ኤ በሰውም ጭምር ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች የ2024ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ቆዳችንን የሚያቀልሙት ሴሎች ውስጥ 211 የሚል ቁጥር የተሰጠው ማይክሮ አር ኤን ኤ በብዛት ይገኛል። በብዙ ሜላኖማዎች ግን መጠኑ ይወርዳል፤ እሱ ሲጎድል ሴሉ ከቦታው ተነቅሎ መዛመት ይቀለዋል። 221 እና 222 ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ በካንሰሩ ውስጥ ይበዙና የሴልን መከፋፈል የሚገታውን ፕሮቲን ያዳክማሉ።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የካርሚት ሌቪና የባልደረቦቿ የቴል አቪቭ ጥናት ነው። ሜላኖማው ገና በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ላይ ሳለ፣ ሜላኒን የሚጫንባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ታችኛው ንጣፍ ይልካል። በውስጣቸው 211 አለ። ከረጢቶቹን የተቀበሉት የታችኛው ንጣፍ ሴሎች ጠባያቸው ይለወጥና ለካንሰሩ መሬቱን ያለሰልሱለታል። በራሱ ሴል ውስጥ ክፋትን የሚገታው ያው ሞለኪውል፣ ጎረቤት ሴል ውስጥ ሲገባ ለወረራው ያገለግላል ማለት ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤን እንዲሁ በመርፌ ጨምሮ መዳን የማይቻለው ለዚህ ጭምር ይመስለኛል። ሌላም እንቅፋት አለ፤ 34 የተባለውን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት ሜላኖማ ያለባቸውን ሰዎችም ባካተተ ሙከራ ላይ ሳለ፣ በሰውነት መከላከያ ሥርዓት በኩል ባስከተለው ከባድ ጉዳት ምክንያት በ2016 ተቋርጧል።

ይህ ሁሉ ጥናት በአመዛኙ የነጮችን ሜላኖማ የተመለከተ ነው። የውስጥ እግር ሜላኖማ ግን በፀሐይ የመጣ የዲ ኤን ኤ ለውጥ ጥቂት ሆኖ፣ የክሮሞሶም መሰባበርና መደጋገም ይበዛበታል። ስለዚህ እነሱ ላይ የተገኘው እኛ ላይም እንዲሁ ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም፤ በራሳችን ሕሙማን ላይ መታየት አለበት። ለዚህ ደግሞ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። ማይክሮ አር ኤን ኤ አጭር በመሆኑ፣ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በሰም በታሸገ ናሙና ውስጥ ረጅሙ መልእክተኛ ሲበጣጠስ እሱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከአንዲት የሰም ጡብ ላይ የተላጡ ጥቂት ስስ ቁራጮች ለምርመራ ይበቃሉ። በየሆስፒታሎቻችን የፓቶሎጂ ክፍል የሚከማቹት ጡቦች ቦታ አጣበቡ ተብለው እንዳይጣሉ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቁስሉ ከየት እንደተቆረጠና ታካሚው በኋላ ምን እንደሆነ አብሮ ይመዝገብ። ለዚህ ጥናት ምቹ ቦታም አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሚገኘው የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማንን ሲያክም በኖረው በአለርት ግቢ ነው፤ ሕመምተኛውና ቤተ ሙከራው በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው።