ሊጅ ኤንድ ሊፍ (አልበም)

ሊጅ ኤንድ ሊፍ ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን በዲሴምበር 1969 ያወጣው አራተኛ አልበም ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሳታሚው አይላንድ ሪከርድስ፣ ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ ጆ ቦይድ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ስምንት ሥራዎች አሉ፤ አምስቱ ከጥንት የመጡ የሕዝብ ዘፈኖችና ዜማዎች ሲሆኑ ሦስቱን የቡድኑ አባላት ጽፈዋቸዋል። የአልበሙ ስም ከሁለት የቆዩ የእንግሊዝኛ ቃላት የተሠራ ነው፦ የመጀመሪያው «ታማኝ»፣ ሁለተኛው «ፈቃደኛ» እንደማለት ነው።

አልበሙ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 17ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። በ2006 የቢቢሲ ሬዲዮ 2 አድማጮች በሰጡት ድምፅ ከፎክ አልበሞች ሁሉ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረ ተብሎ ተመርጧል። ከመጀመሪያው ሸክላ በኋላ በተለያየ ጊዜ እንደገና የታተመ ሲሆን፣ ድምፁ ዳግም ማስተር የተደረገባቸው የ2002 እና ባለ ሁለት ሲዲው የ2007 እትሞች ይታወቃሉ።

አመጣጡ

ፎክ ሮክ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረን የሕዝብ ዘፈን፣ ወይም በዚያ ስልት የተጻፈን አዲስ ዘፈን፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም የሚጫወት የሙዚቃ ዓይነት ነው። በ1965 አሜሪካ ውስጥ በበርድስ ቡድንና በቦብ ዲላን ሥራዎች ገናና ሆነ። ፌርፖርት ኮንቬንሽንም ሲጀምር የአሜሪካኖቹን መንገድ የሚከተል የለንደን ቡድን ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚጫወተው የእነሱን ዘፈን ነው።

ለውጡ የጀመረው በ1969 በወጣው «አንሃፍብሪኪንግ» በተሰኘው አልበም ነው። በዚያ አልበም ላይ ቡድኑ «ኤ ሴይለርስ ላይፍ» የተባለ አሮጌ የእንግሊዝ ዘፈን 11 ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ቅንብር ተጫወተ፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቭ ስዋርብሪክም በእንግድነት አብሯቸው ነበር። ያ ቀረጻ በአልበሙ ውስጥ ካሉት አንዱ ብቻ ስለነበር አዲስ አቅጣጫ መሆኑ ወዲያው አልታወቀም።

በሜይ 12 ቀን 1969 የቡድኑ አባላት በበርሚንግሃም ዝግጅት አቅርበው ሌሊት ወደ ለንደን ሲመለሱ ኤም 1 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። የ19 ዓመቱ ድራም ተጫዋች ማርቲን ላምብል እና የጊታሪስቱ የሪቻርድ ቶምፕሰን የፍቅር ጓደኛ ጂኒ ፍራንክሊን ሞቱ። ሌሎቹም ተጎዱ። ድምፃዊቷ ሳንዲ ዴኒ በሌላ መኪና ትጓዝ ስለነበር በአደጋው ውስጥ አልነበረችም። ከዚህ በኋላ ቡድኑ መቀጠል አለመቀጠሉ ራሱ አጠያያቂ ሆኖ ነበር። ሲቀጥሉ ግን ከላምብል ጋር ይጫወቷቸው ወደነበሩት ዘፈኖች አልተመለሱም፤ ፈጽሞ ሌላ ሥራ ጀመሩ። ሊጅ ኤንድ ሊፍ ስለ አደጋው አንዲት ቃል ባይናገርም አደጋው ባይደርስ ኖሮ በዚህ መልኩ መሠራቱ ያጠራጥራል።

በዚያው በጋ አባላቱ በሃምፕሻየር፣ ዊንቸስተር ከተማ አጠገብ፣ ፋርሊ ቻምበርሊን በተባለ መንደር አንድ ትልቅ ቤት ተከራይተው አብረው ኖሩ። ስዋርብሪክ ቋሚ አባል ሆነ። በላምብል ቦታ የገባው ዴቭ ማታክስ ከዳንስ አዳራሽ ባንዶች የመጣ ስለነበር የሕዝብ ዘፈን ለእሱ እንግዳ ነገር ነበር። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አሽሊ ሃቺንግስ ለንደን ውስጥ ወደሚገኘው የሴሲል ሻርፕ ቤት ቤተ መጻሕፍት እየሄደ የተመዘገቡ ዘፈኖችን ያስስ ነበር። ሁለተኛው ጊታሪስት ሳይመን ኒኮል ነበር።

ዘፈኖቹ

ቀረጻው በ1969 መጸው ለንደን፣ ቼልሲ በሚገኘው ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ ተካሄደ፤ የድምፅ መሐንዲሱ ጆን ዉድ ነበር።

ከስምንቱ ረጅሙ «ማቲ ግሮቭስ» ነው፤ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። የአንድ መኳንንት ሚስት ማቲ ግሮቭስ ከተባለ ወጣት ጋር ታድራለች፤ ባልየው ደርሶ መጀመሪያ ወጣቱን፣ ቀጥሎም ሚስቱን ይገድላል። ግጥሙ የሃርቫርዱ ምሁር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ በሰበሰባቸው 305 ትረካዊ ዘፈኖች ውስጥ 81ኛው ነው። ዜማው ግን ከአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ከሚታወቀው «ሼዲ ግሮቭ» የተወሰደ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ «እንግሊዛዊ» የሚባለው ዘፈን ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ዜማ አለበት። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ጊታርና ቫዮሊን እየተቀባበሉ የሚጫወቱበት ረጅም ክፍል ይከተላል።

በቻይልድ ስብስብ 39ኛ የሆነው «ታም ሊን» ከተረት ዓለም ንግሥት እጅ ፍቅረኛዋን የምታስለቅቅ ወጣት ታሪክ ነው። «ፌርዌል፣ ፌርዌል» ቶምፕሰን በአሮጌ ዜማ ላይ የጻፈው አጭር የስንብት ዘፈን ሲሆን፣ የመጨረሻው «ክሬዚ ማን ማይክል» የቶምፕሰን ግጥምና የስዋርብሪክ ዜማ ነው።

ዳግም ማስተር ማድረግ

አንድ ዘፈን ለአድማጭ እስኪደርስ በሦስት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ በማግኔት ክር ላይ በየራሱ መስመር ይቀረጻል። ቀጥሎ መስመሮቹ ተቀላቅለው ግራና ቀኝ ወደሚባሉ ሁለት መስመሮች ይወርዳሉ፤ ይህ ሚክስ ይባላል። በመጨረሻ ይህ ባለ ሁለት መስመር ክር ለሸክላ፣ ለካሴት ወይም ለሲዲ እንዲስማማ ይስተካከላል፤ ይህ ማስተር ማድረግ ነው። «ሪማስተርድ» ተብሎ የሚሸጥ እትም ሦስተኛው ደረጃ ብቻ እንደ አዲስ የተሠራበት ነው። ሁለተኛው ደረጃ ከተደገመ ሪሚክስ ይባላል፤ ያ ሌላ ሥራ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይወስናል። ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨው መጨመር ይቻላል፤ ሽንኩርቱን ለይቶ ማውጣት ግን አይቻልም። ስለዚህ «በአዲሱ እትም ቫዮሊኑ ወደፊት ወጥቷል» የሚለው አባባል በጥሬው ትክክል አይደለም። ማስተር የሚያደርገው ባለሙያ ከፍ ማድረግ የሚችለው አንድን የድምፅ ክልል እንጂ አንድን መሣሪያ አይደለም። የቫዮሊን ዝቅተኛ ድምፅ 196 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የሳንዲ ዴኒ ድምፅና የቶምፕሰን ጊታርም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። አንዱን ሲያጎሉ ሌሎቹም አብረው ይጎላሉ። ዴኒ ከመሣሪያዎቹ አንጻር ምን ያህል ጎልታ እንደምትሰማ በ1969 ተወስኖ አልቋል።

ታዲያ ምን ይቀየራል? መጀመሪያ ከሸክላው እንጀምር። የሸክላ መርፌ ከዳር ወደ መሃል ይጓዛል፤ ሸክላው ግን ሁልጊዜ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ነው የሚዞረው። በዳር በኩል በአንድ ሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የተቀረጸ መስመር በመርፌው ሥር ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው አንድ ሴኮንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቆ ይጻፋል ማለት ነው፤ ቀጫጭኑ ድምፅ በተለይ «ስ» እና «ሽ» የሚሉት ፊደላት መሻከር የሚጀምሩት እዚያ ነው። በሊጅ ኤንድ ሊፍ ሸክላ የመጀመሪያው ገጽ የሚያልቀው በ«ፌርዌል፣ ፌርዌል»፣ ሁለተኛው ገጽ ደግሞ በ«ክሬዚ ማን ማይክል» ነው። ሁለቱም ለዘብ ያሉ፣ የዴኒ ድምፅ ዋናውን ሥራ የሚሠራባቸው ዘፈኖች ናቸው። ሸክላው በጣም በሚደክምበት ቦታ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጥራት የሚፈልጉት ዘፈኖች ተቀምጠዋል። በሲዲ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሴኮንድ 44,100 ናሙና በእኩል ይነበባል። አሮጌውን ሸክላ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን መፈለግ ያለበት ከሁሉ በፊት በእነዚህ ሁለት ዘፈኖች ላይ ነው።

የሲዲ ናሙና እያንዳንዱ ባለ 16 ቢት ነው፤ ይህም 65,536 የድምፅ ደረጃዎች ይሰጣል። በጣም ዝቅተኛ በሆነውና በጣም ከፍተኛ በሆነው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ይኖራል ማለት ነው። በ1969 የነበረ የማግኔት ክር ከዚህ ያነሰ ስለነበረው፣ ጥሩ ሲዲ ክሩ ላይ ያለውን ሁሉ መያዝ አያቅተውም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከክሩ አነባበብ ነው። ክሩን የሚያነብበው የማጫወቻ ራስ ክሩን በቀረጸው ማሽን ዓይነት አቅጣጫ መቆም አለበት፤ ጥቂት ካዘነበለ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና ሙዚቃው ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። ለዚህ ሲባል የስቱዲዮ ክሮች መጀመሪያ ላይ የማስተካከያ ድምፆች ይቀረጹ ነበር። ዳግም ማስተር የማድረግ ሥራ ጥሩ ክፍሉ ይህ ነው፦ ለመጀመሪያው ቅጂ በጣም የቀረበውን ክር መፈለግና በትክክል ማንበብ። የቅጂ ቅጂ በሆነ ቁጥር የክሩ ሹክሹክታ ይጨምራልና። ለጆሮ የሚታወቅ መሻሻል በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ይህ ሥራ እምብዛም አይጠቀስም።

የጩኸት ጉዳይ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ዳግም የታተሙ አልበሞች አንድ የጋራ ነቀፌታ አለባቸው፦ ከቀድሞው በላይ ይጮኻሉ። ሲዲ ሊያልፈው የማይችለው ጣሪያ አለው፤ ዘፈኑን ከጣሪያው በላይ ሳያሳልፉ ማስጮህ የሚቻለው ከፍተኛውን ድምፅ በመጫንና ዝቅተኛውን ወደ እሱ በማስጠጋት ነው። ይህ ድምፅ ማመቅ ይባላል። (የኮምፒዩተር ፋይልን መጠን ለመቀነስ ከሚደረገው ማመቅ ጋር አንድ አይደለም።) በጣም ሲበዛ ሹክሹክታና ጩኸት እኩል ይሆናሉ። ለሊጅ ኤንድ ሊፍ ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም፤ «ማቲ ግሮቭስ» ታሪኩን በእርጋታ ሲተርክ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው ከታች ተነሥቶ ስለሆነ ነው። መነሻው ከፍ ካለ መፈንዳቱ ይጠፋል።

ጆሮ ደግሞ በቀላሉ ይታለላል። አንድን ቅጂ አንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ አድርገው ቢያሰሙት አድማጭ ብዙውን ጊዜ «ይበልጥ ጥርት ያለ ነው» ይላል እንጂ «ይበልጥ ይጮኻል» አይልም። ሁለት እትሞችን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከፍታቸውን እኩል ማድረግ፣ ከተቻለም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያይ ማዳመጥ አለበት። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ የዘፈኖችን ከፍታ የሚያመጣጥኑ ስለሆነ ዛሬ በስልክ ለሚያዳምጥ ሰው የታመቀው ቅጂ በጩኸት መብለጡ ይቀራል፤ የጠፋው ልዩነት ግን አይመለስለትም።

ሳይወጡ የቀሩት ቅጂዎች

የ2002ቱ እትም በስምንቱ ላይ ሁለት ዘፈኖች ጨመረ። አንደኛው የስኮትላንድ የመርከብ መስጠም ታሪክ የሆነው «ሰር ፓትሪክ ስፔንስ» ነው። ቡድኑ በ1970 «ፉል ሃውስ» በተባለው አልበም ሌላ ቅንብር አውጥቶለታል፤ እዚህ ግን የምትዘፍነው ዴኒ ናት። ሁለተኛው «ዘ ኳየት ጆይስ ኦቭ ብራዘርሁድ» ሲሆን፣ ግጥሙ የአሜሪካዊው የሪቻርድ ፋሪኛ፣ ዜማው የአየርላንድ ነው። ዴኒ በ1972 በራሷ አልበም «ሳንዲ» ላይ እንደገና ቀርጻዋለች። በ2007 የወጣው ባለ ሁለት ሲዲ እትም ለቢቢሲ ሬዲዮ የተጫወቷቸውን ቅጂዎች ጨመረ።

እነዚህ ቅጂዎች ከድምፅ ጥራት ይልቅ ታሪኩን ያርማሉ። አልበሙን ብቻ የሰማ ሰው ቡድኑ በእንግሊዝ ጥንታዊ ዘፈን ላይ ሙሉ በሙሉ የተስማማ ይመስለዋል። የፋሪኛ ግጥም ግን ዴኒ አዲስ የተጻፉ ዘፈኖችንም ትፈልግ እንደነበር ያሳያል። አልበሙ በወጣበት ወቅት ቡድኑ ተከፋፍሎ ነበር፦ ሃቺንግስ በጥንታዊ ዘፈን ላይ ይበልጥ ለማተኮር ወጥቶ ስቲላይ ስፓንን መሠረተ፤ ዴኒ ደግሞ የራሷን ዘፈኖች ለመሥራት ፎዘሪንጌይ የተባለውን ቡድን አቋቋመች። ይህን አልበም የሠሩት ስድስቱ ሰዎች በዚህ አሰላለፍ ያወጡት ሌላ የስቱዲዮ አልበም የለም።

ሳንዲ ዴኒ በ1978 በ31 ዓመቷ አረፈች። በኦገስት 2007 ቀሪዎቹ አምስቱ ቡድኑ በየዓመቱ በኦክስፎርድሻየር በሚያዘጋጀው የክሮፕሬዲ ፌስቲቫል ላይ ተገናኝተው አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱ፤ የዴኒን ቦታ ይዛ የዘፈነችው ክሪስ ዋይል ነበረች።