ክሮሞሶም መቁጠር ብቻውን አይበቃም

ከመካነ ሰላም ከፍ ብሎ በሚገኘው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብዙ ሰው ደንቆሮ ጫካ እያለ በሚጠራው ደጋ፣ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳል። የደረቱ ቀይ ምልክት፣ የወንዱ ጎፈር፣ ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ መጋጡ ከሰሜን ተራሮች ዘመዱ ብዙም አይለየውም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ደሙ ላቦራቶሪ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው የሰሜን ተራሮች ጭላዳ 44 ክሮሞሶም ሲኖረው፣ የወሎና የሸዋ ጭላዳ የሚመደብበት የመካከለኛው ወገን 42 አለው። በሰሜኖቹ 7ኛው ክሮሞሶም ከወገቡ ተሰንጥቆ ሁለት ሆኗል። ይህ በሥነ ሕይወት አነጋገር የክሮሞሶም ሚውቴሽን ነው። የሰሜኑ ጭላዳ ግን አልታመመም፤ በብርዱ መሃል ይወልዳል፣ ያሳድጋል። በሰው ላይ የአንድ ክሮሞሶም ጭማሪ ምን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ ይህ ግራ ያጋባል። ግራ መጋባቱ የሚጠራው ግን ከቁጥሩ ይልቅ መጠኑን ስናይ ነው፤ ክሮሞሶም ተሰንጥቆም ተጣብቆም ሰውነት ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ የሚጎዳው በውስጡ ያለው ጂን ሲተርፍ ወይም ሲጎድል ነው።

ክሮሞሶም ተለይቶ የሚታየው ሴል ለመከፈል ሲሰናዳ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከክንድ የቀዳውን ደም በመመገቢያ ፈሳሽ ውስጥ አድርጎ ሦስት ቀን ያህል በሰውነት ሙቀት ያቆየዋል። ነጭ የደም ሴሎቹ መባዛት ሲጀምሩ ኮልቺሲን ወይም መሰል መድኃኒት ጨምሮ ክፍፍሉን መሃል ላይ ያስቆመዋል። ከዚያ ሴሎቹ ጨው ባነሰው ፈሳሽ ያብጣሉ፤ ጠብታው መስታወት ላይ ሲያርፍ ክሮሞሶሞቹ ይበተናሉ። ማቅለሚያው በየጤና ጣቢያው የወባ ደም የሚቀለምበት ጊምሳ ነው። ቀለሙን ሲጠጡ ጠቆር ነጣ ያለ ዝንጉርጉር መስመር ያወጣሉ፤ ባለሙያው በመስመሩና በቁመቱ እየለየ ጥንድ ጥንዱን ይደረድራል። ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል፤ ጆ ሂን ትጂዮና አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1956 ሰው 46 ክሮሞሶም እንዳለው እስኪያረጋግጡ ድረስ ለ30 ዓመት ገደማ 48 ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

አንድ ወፍራም የብራና መጽሐፍ ከመሃሉ ተከፍሎ በሁለት ጥራዝ ቢደጎስ የጥራዙ ቁጥር ይጨምራል እንጂ ቅጠሉ አይበዛም፤ የጭላዳው 7ኛ ክሮሞሶም የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ላይ ያሉት ጂኖች በሰው ዘንድ 14ኛውና 15ኛው ክሮሞሶም ላይ ተከፋፍለው መገኘታቸውም ልብ ይባልልኝ። እ.ኤ.አ. በ1959 በፓሪስ እነ ዤሮም ለዠንና ማርት ጎቲዬ በዳውን ሲንድረም ላይ ያገኙት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ 21ኛው ክሮሞሶም ሦስተኛ ቅጂ ነበረው። እዚህ የተሰነጠቀ የለም፣ የተጨመረ ነው። 21ኛው ከጾታ ክሮሞሶሞች ውጭ ካሉት ሁሉ ትንሹ ነው፤ ጂኑ ጥቂት በመሆኑ ነው ሕፃኑ ተወልዶ ለማደግ የሚበቃው። የ13ኛው ወይም የ18ኛው ትርፍ ያለበት ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ዓመት አይሞላውም፤ በሁሉም ሴል ላይ የትልልቆቹ ትርፍ ያለበት ጽንስ ለመወለድም አይደርስም። ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ከ1,000 ሰው አንዱ ገደማ ሁለት ክሮሞሶሞቹ ተጣብቀው 45 ብቻ ይቆጠርለታል፤ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ከእንዲህ ያለ ወላጅ የተወለደ ልጅ ደግሞ ሲቆጠር 46 ሆኖ፣ ከ14ኛው ጋር የተጣበቀ ሦስተኛ 21ኛ ስላለው ዳውን ሲንድረም ሊኖርበት ይችላል። ቁጥሩ የጎደለው ወላጅ ጤነኛ፣ ቁጥሩ የሞላው ልጅ ታማሚ!

መጠን ነው ካልን የስንዴው ነገርስ? የሚል ሰው ይኖራል። ገብስ 14፣ የማካሮኒ ስንዴ 28፣ የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አላቸው፤ ጤፍም 40 የደረሰው የሁለት ዘር ሙሉ ስብስብ ተደርቦበት ነው። ጂኑ እንዲህ በዝቶ እንዴት አልጎዳቸውም? መልሱ ሁሉም አንድ ላይ መብዛቱ ነው፤ በጂኖቹ መካከል ያለው ሚዛን እንደነበረ ቀርቷል። 21ኛው ብቻውን ሲጨምር ግን ሚዛኑ ይዛነፋል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከበቅሎ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 አላት። ከሁለቱም ወላጅ ሙሉ ድርሻዋን ስላገኘች ጭነቱን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች፤ አትወልድም እንጂ። የዘር ሴል ሲሠራ ክሮሞሶሞቹ እየተጣመሩ መሰለፍ አለባቸው፤ የበቅሎዋ ደግሞ እኩያውን አያገኝም። የ42ና የ44 ጭላዳ ቢዳቀሉ የሚወለደው 43 ይኖረዋል፤ አጥኚዎቹም ስንጥቁ ሁለቱን ወገኖች በመዋለድ ሊለያይ ይችላል ብለዋል። ስለዚህ ስንጥቅም ጥብቅም ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም፤ ጉዳቱ በባለቤቱ አካል ሳይሆን በሚወልደው ላይ ይወድቃል ነው የምለው።

ይህን ክርክር የምትሸከመው በመጨረሻ እናት ናት። ጽንስ ሲደጋገም የሚወርድባት ሴት ሾተላይ አለባት ትባላለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርደው ጽንስ ግን ግማሽ ያህሉ የክሮሞሶም ትርፍ ወይም ጉድለት ያለበት ነው፤ አብዛኛውም የአንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው። ውርጃው ሲደጋገም ከጥንዶቹ አንዱ፣ ባልም ሊሆን ይችላል፣ የተጣበቀ ወይም ቁራጩ ወደ ሌላ የተዛወረ ክሮሞሶም ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል፤ ሚስትን ብቻ መመርመርም ሆነ መውቀስ ትርጉም የለውም። የእናት ዕድሜስ? ዳውን ሲንድረም በ35 ዓመት ከ350 ወሊድ በአንዱ፣ በ40 ዓመት ከ100 በአንዱ ገደማ ያጋጥማል፤ ዕድሜ በእርግጥ ይመዝናል። ሆኖም አብዛኛው ወሊድ የወጣት እናቶች ስለሆነ ከእነሱ የሚወለዱትም ብዙ ናቸው። እርግማን ነው ለሚል ደግሞ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 100 ልጆች 95 በሚሆኑት መነሻው ሴል ሲከፈል የተፈጠረ ስህተት እንደሆነ፣ በወላጆቹ ደም ውስጥም ምንም እንደማይገኝ መንገር ይበቃል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ሐኪሙ በመልኩና በእጁ መዳፍ ይጠረጥራል። በግማሾቹ ልብ ላይ ከተፈጥሮ የመጣ ችግር ስለሚኖር የልብ አልትራሳውንድ ከክሮሞሶም ቆጠራ ይቀድማል፤ የመስማት፣ የማየትና የታይሮይድ ምርመራም ይከተላል። ቆጠራው የሚጠቅመው ለሚቀጥለው እርግዝና ነው። ትርፉ 21ኛ ነጻ ሆኖ ከተገኘ የመደገም ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ከ14ኛው ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ግን ሁለቱም ወላጆች ደም ይሰጣሉ፤ ተሸካሚዋ እናት ከሆነች ዕድሉ ከ100 ከ10 እስከ 15 ይደርሳል፣ አባት ከሆነ በጣም ያንሳል። ሁለቱ 21ኛዎች እርስ በርስ የተጣበቁበት ወላጅ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ከእሱ በሕይወት የሚወለድ ልጅ ሁሉ ዳውን ሲንድረም ይኖርበታል፣ ራሱ ወላጁ ግን 45 ክሮሞሶም ይዞ አርሶ፣ ነግዶ፣ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።