«ልቀቅ» ሲባል ምኑን? ስለ ጠላቂዎች ቀሰምና ስለ ገጽ ምልክት ስያሜ

የአንድ ሙያዊ ቃል ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው የአንባቢን ግራ መጋባት ነው። ከውሃ በታች ለሚሠራ ሰው የተጻፈ መመሪያ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። አንድ ጠላቂ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ፣ ወደ ላይ ከሚወነጨፍ ተንሳፋፊ ጋር የተያያዘ ክር በእጁ ይዟል እንበል። መመሪያው «ልቀቅ» ይላል። ክሩ ከተጠመጠመበት እየተፈታ ይሂድ ማለት ነው ወይስ ጠላቂው መጠምጠሚያውን ጭምር ከእጁ ይጣል? በአማርኛችን ሁለቱም መልቀቅ ነው። በውሃው ውስጥ ግን የመጀመሪያው የዘወትር ተግባር፣ ሁለተኛው ነፍስን የማዳን ርምጃ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪው ግን በእስራኤልም በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ከባሕር አጠገብ ይኖራል፤ ሐይቆቻችንም አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጠላቂዎች ያሉበትን ስፍራ ለጀልባ የሚያሳውቁበትን መሣሪያና ለእርሱ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው አየር የሚሞላ ረዥም ከረጢት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። ሁለተኛው ክር የሚጠመጠምበት፣ መኻሉ ቀዳዳ የሆነ፣ እጀታም መዘውርም የሌለው ዕቃ ነው። ጠላቂው ከመውጣቱ በፊት በላዩ ጀልባ ወይም ሌላ ሰው አለመኖሩን ያያል፤ ጣቱን በቀዳዳው ያስገባል፤ በከረጢቱ ጥቂት አየር ይጨምርና ይሰደዋል። ዕቃው በጣቱ ላይ እየተሽከረከረ ክሩን ይሰጣል። ከረጢቱ ውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ክሩ ይወጠራል፤ ጠላቂውም ክሩን መልሶ እየጠመጠመ ቀስ ብሎ ይወጣል። በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

አየሩ ጥቂት የሚሆንበት ምክንያት ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ነው። 20 ሜትር ላይ ያለው ግፊት በባሕር ገጽ ካለው ሦስት እጥፍ ነውና ሲሶው ብቻ የተሞላ ከረጢት ላይ ሲደርስ ሙሉ ይሆናል። (እንደ ጣና 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሐይቅ የከባቢ አየር ግፊት ስለሚያንስ አየሩ የሚሰፋበት መጠን ከዚህ ይልቃል።) ክሩ በጠላቂው ልብስ ወይም ዕቃ ላይ ቢጠላለፍ የሚሰፋው አየር ሰውየውን ይዞት ይወጣል። ትንፋሹን ይዞ በፍጥነት የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፤ በሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅንም አረፋ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህም ከረጢቱ በሚሰደድበት ጊዜ የክሩ መጠምጠሚያ ከሰውነት ጋር አይታሰርም።

አሁን ወደ ስያሜዎቹ እንመለስ። ለተንሳፋፊው የእንግሊዝኛውን ስም በውሰት «ቦይ» ብሎ መጻፍ ቀላል መስሎ ነበር። ነገር ግን ቦይ በአማርኛ ውሃ የሚሄድበት የተቆፈረ መስመር ነው፤ «ቦዩን ልቀቅ» የተባለ ገበሬ ወደ መስኖው ይሄዳል። ስለዚህ ትተነዋል።

«የወለል ምልክት» የሚለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። «ከባሕር ወለል በላይ» በማለት ወለልን ለውሃው የላይኛው ልክ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ የቤት ወለል ግን ከታች ነው፤ የባሕር ወለልም ለብዙ ሰው የባሕሩ መሬት ነው። አንድ ቃል ላይንም ታችንም የሚያመለክት ከሆነ በመጥለቅ መመሪያ ውስጥ ስፍራ ሊኖረው አይገባም። ለላዩ «ገጽ»፣ ለከፍታ ልክ «ጠለል»፣ ለታችኛው «የባሕር መሬት» እንዲባል እንመርጣለን። ተንሳፋፊው ስለዚህ «የገጽ ምልክት» ይሆናል።

ለክር መጠምጠሚያው «እንዝርት» ቀርቦ ነበር። የእንዝርት ሥራ ግን መፍተል እንጂ የተፈተለውን መያዝ ብቻ አይደለም። ሸማኔ ማጉን የሚያደውርበት «ቀሰም» ይቀርበዋል፤ ውስጡ ክፍት ነው፣ ክር ይጠመጠምበታል፣ ሥራው ሲጀመርም ክሩን እየሰጠ ይሄዳል። ትምህርት ወይም የአበባ ማር «መቅሰም» ከሚባለው ጋር ይምታታል የሚለው ተቃውሞ አላሳመነንም፤ በዐውዱ ይለያል። እጀታና መዘውር ያለውን ሌላውን ዐይነት «ባለመዘውር ማጠንጠኛ» ብንለው ልዩነቱ ይጠበቃል።

ከሁሉ በላይ የከበደን የግሦቹ ጉዳይ ነው። ክሩ ከቀሰሙ እየተፈታ መሄዱን «መተርተር» ብለነዋል። «መልቀቅ» ቀሰሙን ከእጅ ለመጣል ብቻ እንዲያገለግል ሐሳብ እናቀርባለን። «ማላላት» ደግሞ መወገድ ያለበት ስሕተት ስም ይሁን፤ የላላ ክር ምልክቱን ከማስተኛቱም በላይ ይጠላለፋል። በዚህ መሠረት ትእዛዙ «ክሩን ተርትር፤ ከተያዘብህ ቀሰሙን ልቀቅ» ይሆናል።

ቀሰሙ እንዳይተረተር የሚቆልፈውን፣ በሁለቱም ጫፍ የሚከፈተውን የብረት መያዣ በተመለከተ «ባለሁለት አፍ መያዣ» የሚለውን ለጊዜው አስገብተናል፤ ረዥም ነው፤ አጠር ያለ ቃል ያለው ተርጓሚ ቢኖር በደስታ እንቀበላለን።