በጀጎል መካከል የቆመው መድኃኔ ዓለም

አዲጋላ ላይ ተቀምጦ ስለ ካቴድራል ማሰብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። በዚያ የሚታየው ሐዲድ፥ አሸዋ፥ ግራርና ግመል ነው፤ ፀሐዩም ገና ከማለዳው ጀምሮ ጥላ ያስፈልጋል። ሆኖም በዚያ በረሃ ተመድቦ የሚሠራ ወጣት ሠራተኛ፥ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ተማሪ፥ የሁለት ቀን ፈቃድ ቢያገኝ ገንዘቡን ድሬዳዋ ላይ ከሚጨርሰው ይልቅ ወደ ሐረር ቢወጣበት መልካም ያደርጋል።

ሐዲዱ ራሱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በአዲጋላ በኩል ያለፈው የቀድሞው ምድር ባቡር ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስላስቸገረ ከግርጌው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ የተባለው ከተማ ሆነ። ስለዚህ ዛሬም መንገደኛው ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ቀሪ መንገድ በመኪና ይወጣዋል። ደንገጎ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ይለወጣል፤ በረሃ የለመደ ሰው ሸሚዙን መቆለፍ ይጀምራል። ከዚያ ሐሮማያና አወዳይ ታልፈው ሐረር ይገባል።

ወደ አሮጌው ከተማ ወደ ጀጎል ለመግባት አምስት የጥንት በሮች አሉ፤ እነርሱም ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። እኔ ግን የገባሁት ለመኪና ተብሎ በኋላ ዘመን በተከፈተው በሐረር በር ነው። ይህ መንገድ ሰውን ወዲያና ወዲህ ሳያንከራትት በቀጥታ ፈረስ መጋላ ያደርሰዋል። ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ግን በፈረሱ ፈንታ ባጃጅ ይርመሰመስበታል። በአንድ ወገን ማኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይወርዳል፤ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም የቆመው እዚሁ፥ በከተማው እምብርት ላይ ነው።

ካቴድራል ሲባል ብዙዎቻችን በመጽሐፍ ያየነው የአውሮፓ ሥዕል ይታወሰናል። ጎቲክ የሚባለው አሠራር በ12ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር የተጀመረ ሲሆን፥ ምሥጢሩም በሹል ቅስትና ከውጭ ግድግዳውን በሚደግፉ የድንጋይ ክንዶች ላይ ነው። ክብደቱን ክንዶቹ ስለሚሸከሙት ግድግዳው ወፍራም መሆን አያስፈልገውም፤ በግድግዳውም ፈንታ ኅብረ ቀለም ያለው መስተዋት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. ጣራው ተቃጥሎ በ2017 ዓ.ም. እንደገና የተከፈተው የፓሪሱ ኖትር ዳም ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ሐረር ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ሰማይ የሚወጋ ግንብ፥ የድንጋይ ክንድ፥ የመስተዋት ጽጌረዳ የለም።

እሑድ ማለዳ ጫማዬን በደጃፉ አውልቄ ገባሁ። ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከግድግዳው ተጠግተው ቆመዋል፤ የዕጣኑ ጢስ ከብርሃኑ ጋር ተደባልቋል። በጎቲክ ካቴድራል ውስጥ ዓይን ወደ ላይ ይሳባል ይላሉ። እዚህ ግን ዓይን የሚያርፈው በመጋረጃው ላይ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው ከመጋረጃው በስተኋላ፥ በመቅደሱ ውስጥ፥ ለማየት ባልተፈቀደልን ቦታ ነውና። ዓመታዊው በዓል የሚውለው ጥቅምት 27 ቀን ነው፤ የሚችል ሰው ጉዞውን ከዚያ ቀን ጋር ቢያስማማ አይቆጭም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በግቢው ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ወደነበሩ አንድ አባት ቀረብሁና መስቀል ተሳልሜ፥ «አባቴ፥ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በፊት በዚህ ቦታ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ያስቆጣቸው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፥ «መስጊድ ነበር፥ ልጄ» አሉኝ።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን የእስላም አሚሮች ከተማ ነበረች፤ ቅጥሯንም በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠራው አሚር ኑር ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ አሥር ዓመት ያህልም ገዛት፤ በፈረስ መጋላም መስጊድ ሠራ። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ አሚር አብዱላሂ ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን በጨለንቆ ጦርነት ድል የሆነው ለንጉሥ ምኒልክ ጦር ሆነ፤ ከተማይቱም ለራስ መኮንን ተሰጠች። ከጥቂት ዓመት በኋላ በግብፆቹ መስጊድ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር የግብፆቹንም ዘመን የራስ መኮንንንም ዘመን አይቷል፤ እንዲህ ያለ ምስክር ግን ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ዋጋ አብዝቶ መጻፉ ያሳዝናል።

ድል አድራጊ በተሸናፊው የጸሎት ቦታ ላይ የራሱን መትከሉ በሐረር ብቻ የሆነ አይደለም። በስፔን አገር የምትገኘው የሴቪል ከተማ በ1248 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በክርስቲያኖች እጅ ከገባች በኋላ ታላቁ መስጊዷ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በ15ኛው መቶ ዓመትም ፈርሶ በቦታው በዓለም ካሉት የጎቲክ ካቴድራሎች ሁሉ የሚሰፋው ተሠራ። ቁስጥንጥንያ ላይ ደግሞ በ1453 ተቃራኒው ሆነ። የሴቪል ሰዎች ግን አንድ ነገር አድርገዋል፤ የመስጊዱን ሚናራ ሳያፈርሱ ደወል ሰቀሉበት። ስለዚህ ዛሬ ሴቪልን የሚጎበኝ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፥ ቀና ብሎ በማየት ብቻ፥ ታሪኩን ከግንቡ ያነበዋል። ፈረስ መጋላ ላይ ግን የሚነገረን ከጠየቅን ብቻ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህን የሚናገር አንድ ሰሌዳ በደጃፉ ቢቆም ቤተ ክርስቲያኑን አያሳንሰውም። ዝም የተባለ ነገር ሌላ ሰው በቁጣ ቀን ይናገረዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከቅጥሩ ውጭ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታይ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት በሁከት ወድቋል። ታሪኩ በጊዜው በሁለት ወገን ቢነገር ኖሮ ይድን ነበር ለማለት አልደፍርም። የወደቀው ግን ድንጋይና ነሐስ ብቻ እንዳልነበረ ያን ሰሞን በሐረር የነበረ ሁሉ ያውቃል።

ከግቢው ወጥቼ በማኪና ግርግር በኩል ወረድሁ። በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ መንገደኛ ሳያውቃቸው ያልፋል። የካቶሊኮችም ቤተ ክርስቲያን እዚያው አለ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ከተማይቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ይህንኑ ሁሉ አንድ ላይ መዝግቧል። ስለ ጅቦቹ አልጽፍም፤ የጻፈ ብዙ ነው።

በመንገዱ መካከል አንድ ልብስ ሰፊ የተቀደደ ኪሴን እንዲጠግንልኝ ቆምሁ። እርሱ ሲሰፋ የቀትሩ አዛን ተሰማ። ሰፊው መኪናውን አቆመ፤ «ወንድሜ፥ ትንሽ ታገሠኝ» አለና ኮቴን በወንበሩ ላይ አኑሮ ወጣ። ሱቁን የሚጠብቅ ማንም አልነበረም። እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ሲመለስ የቀረውን ስፌት ጨረሰልኝ፤ የድሬዳዋው መኪና ሳይሞላ ደረስሁ።