የብርዱ መድኃኒት እንዳይገድለን

ዛሬ ከተለመደው የፖለቲካ ክርክራችን ወጣ ብዬ ስለ ብርድ ልጽፍ ነው። ወገን የሞተበት ጉዳይ ስለሆነ ጊዜያችሁን ብወስድ ይቅርታ እንደምታደርጉልኝ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የክረምት ማዕበል ቴክሳስን መታ። የኤሌክትሪክ መረቡ ተሽመድምዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ቀሩ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በማዕበሉ ሳቢያ 246 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ለባሕር ጠረፍ ቅርብ የሆነችው ሂውስተን ከሙቀት እንጂ ከብርድ ጋር ትውውቅ የላትም። እዚያ ይኖር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤቱ ሲቀዘቅዝበት፣ ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ ለመሞቅ ሞከረ። እናትና የ7 ዓመት ሴት ልጇ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞቱ፤ አባትና ወንድ ልጅ ሆስፒታል ገብተው ተረፉ።

እኔ የምኖረው ከባሕር ርቄ፣ በኮሎምበስ ከተማ ተከብባ እንደ ደሴት በተቀመጠችው ሚነርቫ ፓርክ ነው። እዚህ በረዶ እንግዳ አይደለም፤ የጃንዋሪ 1978ቱ ማዕበል በኦሃዮ ብቻ 51 ሰዎች ገድሏል። ቢሆንም አደጋው ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። በዲሴምበር 2022 ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ፋራናይት በታች በወረደበት ሌሊት መብራት ጠፋብን። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት እናቴ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ «ልጄ፣ ያ ሥጋ የጠበሳችሁበት ከሰል አልቋል? አያይዘህ አምጣውና እንሙቅ» አሉኝ። በምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ያለኝ ሰው የከሰሉን ከረጢት ይዤ ጋራዡ ውስጥ ክብሪት ስፈልግ የሂውስተኗ እናት ትዝ አለችኝ። ከረጢቱን መልሼ አስቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰልም ሆነ ቤንዚን በበቂ ኦክስጅን ካልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ እየተነፈስን ሰውነታችን ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። አገር ቤትም የነደደ ከሰል ቤት አስገብቶ ተኝቶ ሳይነሳ ስለቀረ ሰው ያልሰማ የለም። ሆኖም ብዙው የአገራችን ቤት በየስንጥቁ ይተነፍሳል። የአሜሪካ ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ የታሸገ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ቤት መርዙንም ይይዛል። የጋራዡን በር ከፍቶ መኪና ማስነሳትም አያስተማምንም።

ብዙዎቻችን «የኔ ማሞቂያ በጋዝ ነው» ብለን እንዘናጋለን። ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚገፋው ማራገቢያ የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም አብሮ ይቆማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የአየር ትንበያው «ዊንተር ስቶርም ዎች» ሲል ማዕበል ሊመጣ ስለሚችል ተዘጋጁ ማለቱ ነው፤ «ዋርኒንግ» ሲል ደርሷል ወይም በደጅ ነው። ሥራው መሠራት ያለበት በ«ዎች» ጊዜ ነው።

አንደኛ፣ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኝታ ክፍል አጠገብ ይሰቀል። ሁለተኛ፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ ውኃ፣ ሳይበስል የሚበላ ምግብ፣ መድኃኒትና የእጅ ባትሪ ይዘጋጅ፤ ስልክ ይሞላ። ሦስተኛ፣ የውኃው ዋና መዝጊያ የት እንዳለ ይታወቅ፤ ቧንቧ እንዳይፈነዳ ውኃው በቀጭኑ ይንጠባጠብ። አራተኛ፣ መብራት ከጠፋ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በሩን ይዝጋ፣ ብርድ ልብስ ይደራርብ። ጄኔሬተር ያለው ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር አርቆ ደጅ ያስነሳ። ከግድግዳ የሚወጣውን የማሞቂያ ጭስ ማውጫም በረዶ እንዳይደፍነው መጥረግ ያስፈልጋል። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ቤቱን ለቆ ይውጣና 911 ይደውል።

በኦሃዮ የካውንቲው ሸሪፍ «ሌቭል 3» ካወጀ መንገዱ ለድንገተኛ አገልግሎት ካልሆነ ዝግ ነው፤ የወጣ ሊታሰርም ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ቤት የሚሄድ ቀድሞ ይሂድ።

ያን ሌሊት ሁላችንም አንድ ክፍል ገብተን፣ በእናቴ ጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልለን አነጋን። እናቴ ዛሬም «ከሰል እያለ ያቀዘቀዘን ልጅ» እያሉ ያሙኛል። በዚህ ዓመት ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ግን፣ ብርዱ ሳይገባ ደውላችሁ ስለ ከሰሉና ስለ ጋራዡ ንገሩልኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ቸር ይግጠመን።