ከቀለሙ በታች ያለችው ቮልስ

እኛ ግቢ ውስጥ የአባቴ እኩያ የሆነች አንዲት ቮልስ አለች። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ አባቴም የተወለደው በዚያው ዓመት ግድም ነው። ሁለቱም ጠዋት ሲነሡ ያስላሉ። ይህን ቀልድ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት።

መምህራችን "የምታውቁትን ነገር ለማያውቀው ሰው አስረዱ" ብለው የቤት ሥራ ሲሰጡን ክፍሉ በሙሉ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሚዲያ ሕግ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ለመጻፍ ተሻማ። እኔ ደግሞ ሁለት ክረምት ሙሉ እጄን በግራሶ ያጠቆረውን ጉዳይ መረጥኩ። አሮጌ መኪና እንዴት ነው የሚታደሰው? ጓደኞቼ "አንተ ጋዜጠኛ ነህ ወይስ ጋራዥ?" ማለታቸው አልቀረም። ይበሉ።

አሮጌ መኪና ማደስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ያየነውን የአሜሪካኖቹን ነው። "መስል ካር" የሚሏቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጡትን ጉልበተኞች ማለቴ ነው። ከነሱ መካከል በር ከፋች ተብሎ የሚጠቀሰው የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 6.4 ሊትር ሞተር ይዞ 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የኛዋ "1300" አራት ሲሊንደርና 40 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት። ያውም በባሕር ጠለል ላይ! አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ እኛ ቤት በሰላም የደረሱት ፈረሶች ሠላሳ ገደማ ናቸው።

የማደሱ ሥራ ግን አንድ ነው። ሚሺጋን የተሠራም ይሁን ጀርመን፣ ዝገት ዜግነት አይጠይቅም።

በነገራችን ላይ ቮልስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው። አያቴ የኛዋን የገዟት በ1965 ዓ.ም.፣ አስተማሪ ሳሉ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ባልደረባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሦስት ጊዜ ሲለወጥ እሷ ሞተሯን አንድ ጊዜ ብቻ ለውጣለች ይላሉ። ይህኛው ቀልድ የራሳቸው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ2014 ዓ.ም. አባቴ ቮልሷን አንድ ጋራዥ አስገብቶ "አሳድሷት" ነበር። ስሙን አልጠራም። ስትወጣ ነጭ ሆና እንደ ሙሽራ ታበራለች። አያቴ እንኳ ዞር ዞር ብለው አይተው "እግዜር ይስጥልን" አሉ። በዓመቱ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ከኋላ የሆነ ነገር "ቿ" አለ። አባቴ መኪናዋን ዳር ሲያስይዝ ባትሪው በሽቦዎቹ ተንጠልጥሎ አስፋልት ሲቧጥጥ አገኘነው። ወለሉ ተቀዶ ማለት ነው! ታናሽ እህቴ የተቀመጠችው ልክ ከዚያ በላይ ነበር። መቀመጫውን ስናነሣው በቀዳዳው መንገዱ ይታያል።

አባቴ ያን ቀን ማታ "ለቁራሌው በኪሎ ትሸጣለች" አለ። አያቴ ሁለት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን የሠፈራችንን ሽማግሌ መካኒክ ይዘው መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አባቴ "እሺ፣ ግን ወለሉ ካልዳነ አበቃ" አለ። እኔ ያለ ደሞዝ ረዳት ሆኜ ተመደብኩ።

ጋሼ መጀመሪያ ያወጡት መሣሪያ ቁልፍ አልነበረም። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ነበር። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በመኪናዋ ገላ ላይ እያስጠጉ ዞሯት። ጣራው ላይ ይይዛል። ኮፈኑ ላይ ይይዛል። ከበሩ በታች ሲደርሱ ማግኔቱ ሸርተት ብሎ መሬት ወደቀ። ከኋላ ፓራፋንጎው ሥርም እንዲሁ። ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም። ያ ሁሉ የሚያበራ ነጭ ቀለም የተቀባው ላሜራ ላይ ሳይሆን ስቱኮ ላይ ነበር። በኋላ ስንፍቀው አንዳንዱ ቦታ የጣት ውፍረት ነበረው። ከሥሩ የተጠቀጠቀ የጋዜጣ ወረቀት አገኘን፤ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ ልዩ ስድብ ነው።

ስቱኮን አትርገሙ ታዲያ። የተመታ ላሜራ በመዶሻ ከተቃና በኋላ የቀረችውን ትንሽ ጎድጓዳ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆነውን ለማስተካከል ደህና ነገር ነው። ጥፋቱ ቀዳዳ ሲደፈንበት ነው። ስቱኮ ርጥበት ይመጣል፤ ከኋላው ያለው ዝገት ሥራውን አያቆምም፣ እንዲያውም ከዓይን ተሰውሮ ተመቸው። አሮጌ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ማግኔት በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ቮልስ የምትዘገው የትም አይደለም፣ ቦታ አላት። ባትሪዋ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ሌላው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈው ቱቦ መሰል ላሜራ ነው። ቮልስ ውኃም ራዲያተርም ስለሌላት ለማሞቂያ የሚሆነውን ሙቅ አየር ከጭስ መውጫው አካባቢ ወስዳ በዚህ ቱቦ ወደ ፊት ታመጣለች። ባዶ ስለሆነ ርጥበት ይገባዋል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ችግሩ ይህ ቱቦ የአየር መንገድ ብቻ አለመሆኑ ነው። የመኪናዋ ቦዲ የቆመው በሱ ላይ ነው። ቦዲውና ወለሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ጎማ ገብቶ ዙሪያውን በብሎን ይያያዛሉ። ቱቦው ከበሰበሰ ብሎኑ የሚነክሰው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የበሰበሰውን ቱቦ ዝም ብላችሁ ከቆረጣችሁት ቦዲው በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ አዲሱን በይዳችሁ ስትጨርሱ በሩ አይዘጋም። እኛ ከመቁረጣችን በፊት በበሮቹ ክፍተት ላይ የብረት ቱቦ አግድም በየድን። በሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ጠዋትና ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ትክክለኛ "ዜና ዘገባዬ" ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ላሜራውን የሠሩት የጋሼ የድሮ ጓደኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ባትላሜራ ናቸው። የወለሉን ቁራጭ ከዝርግ ላሜራ ቆርጠው፣ እንጨት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ቅርጽ ያወጡለት ጀመር። ወለሉ ላይ ያሉት ሽንትሮች ለጌጥ ይመስሉኝ ነበር። ለካ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ያለነሱ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል! ብየዳውንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይስቡትም። እዚህ ጋ ነጥብ፣ እዚያ ጋ ነጥብ፣ ከዚያ ቆም ብለው ሻይ። ቀጭን ላሜራ አንድ ቦታ ላይ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ማከፋፈል አለባችሁ። ለወለሉ ብቻ አንድ ክረምት አለቀ።

ቨርጂንያ የሚኖረው አጎቴ ይህን በስልክ ስነግረው ሳቀ። እዚያ የ1967 ፎርድ ሙስታንግ የሚያድስ ሰው ሙሉ ቦዲው አዲስ ተመርቶ ይሸጥለታል፤ በር በለው፣ ወለል በለው፣ ጣራ በለው፣ አዝዞ ይመጣለታል። እንግዲህ ሁሉም ነገር አዲስ ከሆነ መኪናው ያው የ1967ቱ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "እሱን ነው የሚጣሉበት" አለኝ። እዚያ ዋጋ ያለው ቁጥሩ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ከዚያው ሻንሲ ጋር የወጣ ለመሆኑ የተመታበት ቁጥር ከተመሳከረ ዋጋው ይሰቀላል፤ ካልተመሳከረ ይወርዳል።

እኛ ሞተራችን የተለወጠ ስለሆነ ከዚህ ውድድር ገና ድሮ ወጥተናል። የሻንሲው ቁጥር ግን ግድ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው እሱ ነዋ! ቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ነው፤ ባትሪው ከወደቀበት ቀዳዳ ክንድ አይሞላም። ዝገቱ አልደረሰበትም ነበር። ጋሼ እዚያ አካባቢ ግራይንደር እንዳልይዝ አስምለውኛል፤ በእጅ ብሩሽ ብቻ ነው ያጸዳሁት። መለዋወጫውን ደግሞ ከሱማሌ ተራ ነው የለቀምነው። አንዳንዱ ዕቃ ላይ "ብራዚል" የሚል ጽሑፍ ስናይ ገርሞኝ ነበር። ለካ ብራዚል ቮልስን እስከ እ.ኤ.አ. 1996 ድረስ ስትሠራ ኖራለች።

ሞተሩ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ብዙ አልቆይበትም። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ ክሪክ ካለ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይወርዳል። ኮምፕሬሽን ስንለካ ሦስተኛው ሲሊንደር ደክሞ ተገኘ። ጋሼ ሳይለኩት ነው የነገሩኝ። በዚያን ጊዜ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በአየሩ መንገድ ላይ፣ ልክ ከሦስተኛው በፊት ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው፣ ቫልቩም ቶሎ ይቃጠላል። ቴስታታው ወርዶ ቫልቩ ተለወጠ፣ ፑንቲናው በ0.4 ሚሊ ሜትር ተስተካከለ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ገባ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቮልስ የምትነዱ ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዲናሞ ቀይ መብራት ከበራ "ቤት ስደርስ" አትበሉ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ የሚተነፍሰው የለውም።

ቤታችንን ለሁለት የከፈለው ፍሬኑ ነው። የ1966ቷ ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ነው። የአንድ ጎማ ቱቦ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። አያቴ "ሃምሳ ዓመት ነድቻታለሁ፣ እንደተሠራች ትቆይ" አሉ። ጋሼ ከኋላ ጎማ ላይ ያወጡትን የፍሬን ሲሊንደር ምንም ሳይናገሩ እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። የፍሬን ዘይት ከአየር ርጥበት ይስባል፤ ውስጡ በዝገት ተበልቶ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሯል። ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ መጀመሪያ የወደቀው ባትሪው ባይሆንስ ኖሮ? አያቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "እሱን ቀይሩት" አሉ። ከኋለኞቹ ሞዴሎች የመጣ ባለ ሁለት መስመር ፓምፓ ገባ፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች ተለያዩ፣ አንዱ ቢከዳ አንዱ ይይዛል። የፍሬን ሸራውም ተለወጠ። ባለ 6 ቮልቱን መብራት ወደ 12 እንቀይረው ስንላቸው ግን "ኩራዜን ተዉልኝ" አሉ። ማታ አይነዷትምና ተስማማን።

በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር አባቴ ቮልሷን አየት አድርጎ "አንቺ ቀድመሽ ገብተሻል" አላት። ውሳኔውን አልቃወምም። ነገር ግን ቀድመው የገቡትን ቤንዚን ጠጪዎች ለረጅም ጊዜ እየጠገንን መኖራችን አይቀርም፤ ላሜራ በመዶሻ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ደግሞ በሠፈራችን የማውቀው እኒያን አንድ ሽማግሌ ነው። ልጃቸው ባንክ ነው የሚሠራው።

የቀረው ቀለም ነው። የነዳጅ ጋኑን ከፊት ስናወጣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ማንም ቀለም ቀቢ ያልደረሰበት ቦታ ብቅ አለ። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ! ከፋብሪካ የወጣችው እንዲያ ሆና ነው። አያቴ "እኔ ስገዛት ነጭ ናት፣ ነጭ ናት" ይላሉ። ጋሼ "ልደቷ ሰማያዊ ነው" ይላሉ። አባቴ ርካሹን ይላል። እስከዚያው ግራጫ አንቲረስት ብቻ ለብሳ ምርመራውን አልፋ ቦሎ ለጥፋለች። አንቲረስት ግን ውኃ ስለሚያሳልፍ ክረምት ሳይገባ መወሰን አለበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤቶች "አባባ፣ ቀለም መግዣ አጡ እንዴ?" ይሏቸዋል። አያቴ መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ይታያል" ብለው ያልፋሉ።